«ኢንሹራንስ ውድ ነው» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ዋጋ እዩ

አሜሪካ እየኖረ የጤና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሳገኝ «ለምን ኢንሹራንስ አልገባህም?» እላለሁ። መልሱ ሁሌም «ውድ ነዋ!» ነው። «ስንት አሉህ?» ስለው ግን ዝም ይላል። የራሱን ዋጋ አይቶት አያውቅም። ጓደኛው የከፈለውን ሰምቶ ነው፣ ወይም ከዓመታት በፊት ያየው ቁጥር አእምሮው ውስጥ ቀርቶ ነው።

የኢንሹራንስ ዋጋ እዚህ አገር ለሁሉም እኩል አይደለም። በገቢያችሁ፣ በዕድሜያችሁ፣ በቤተሰባችሁ ብዛትና በምትኖሩበት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ የጎረቤት ዋጋ የናንተ ዋጋ አይደለም። የራሳችሁን የምታውቁት ማመልከቻውን ስትሞሉ ነው። መሙላቱ ደግሞ ነጻ ነው፤ ዋጋውን አይታችሁ ካልተስማማችሁ መተው ትችላላችሁ።

በሩ የት ነው?

በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ፣ ሰዉ «ኦባማ ኬር» የሚለው ማለት ነው፣ ማርኬትፕሌስ የሚባል መመዝገቢያ አለው። ቴክሳስና ኦሃዮን የመሳሰሉ ስቴቶች የፌዴራሉን ሄልዝኬር ዶት ገቭ ይጠቀማሉ። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ኔቫዳና ጆርጂያ የራሳቸው አላቸው። የናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሄልዝኬር ዶት ገቭ ግቡና ስቴታችሁን ምረጡ፣ እሱ ራሱ ወደ ትክክለኛው ይመራችኋል። ጎግል ላይ ፈልጋችሁ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ ግን አትጫኑ። ብዙዎቹ ስልክ ቁጥራችሁን ተቀብለው ለሻጮች የሚያስተላልፉ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ስልካችሁ እረፍት አያገኝም።

አንዱ ማመልከቻ ሁለት ነገር ያያል። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ወደ ሜዲኬድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የጤና ሽፋን)፣ ልጆቻችሁን ደግሞ ወደ ሜዲኬድ ወይም ቺፕ (የልጆች የመንግሥት ሽፋን) ይወስዳቸዋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በድጎማ የምትገዙትን ፕላን ያሳያችኋል። ሜዲኬድን ባስፋፉት 40 ስቴቶችና በዲሲ፣ በ2025 የድህነት መለኪያ፣ ብቻውን የሚኖር አዋቂ በዓመት እስከ 21,597 ዶላር፣ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ እስከ 44,367 ዶላር ገቢ ቢኖረው ለሜዲኬድ ይገባ ነበር። የልጆች ጣሪያ ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ እናንተ ባታገኙ እንኳ ልጆቻችሁ ሊያገኙ ይችላሉ። ቴክሳስ ሜዲኬድን ስላላስፋፋች እዚያ ነገሩ ይከብዳል።

ገቢ ሲባል የቱ ገቢ?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አንድ ወዳጄ ኡበር ይነዳል፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍተን ስንሞላ ገቢ የሚለው ቦታ ላይ 68,000 ብሎ ጻፈ። ኡበር ከላከለት 1099-ኬ (የዓመቱ የክፍያ ወረቀት) ላይ አይቶ ነው። ድረ ገጹ ድጎማ የለም አለን። በ2026 ብቻውን ለሚኖር ሰው የድጎማው ጣሪያ 62,600 ዶላር ነው፣ እሱ አለፈ ማለት ነው። «አላልኩህም?» ብሎ ሊዘጋው ሲል «ቆይ፣ ታክስህን አምጣው» አልኩት።

1099-ኬ ላይ ያለው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ነው፣ እሱ ኪስ የገባው አይደለም። ኡበር የወሰደው ኮሚሽንና ክፍያ 15,000 ገደማ ነበር። በዚያ ላይ ለሥራ የነዳው 37,000 ማይል አለ። በ2025 አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር፣ ይሄ ብቻውን 25,900 ዶላር ነው። ሲቀነስ የቀረው 27,100 ሆነ። የሚጻፈው ይሄ ነው፣ ስኬጁል ሲ በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ ያለው የተጣራ ትርፍ። በ2026 መለኪያ በዚህ ገቢ መለኪያ ለሆነው ሲልቨር (መካከለኛ ደረጃ) ፕላን ከሱ የሚጠበቀው በወር ወደ 120 ዶላር ነው። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ያለ ኢንሹራንስ ሊያስቀረው ነበር። ያንን ማታ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ቁጥሩን ሆን ብላችሁ አታሳንሱ ግን። ድጎማው በቅድሚያ የሚከፈል የታክስ ክሬዲት ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ 1095-ኤ የሚባል ወረቀት ይመጣላችሁና ታክስ ስትሠሩ ይመሳከራል። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ በብልጫ የወሰዳችሁት በሙሉ ነው የሚመለሰው፤ በፊት የነበረው ጣሪያ ተነስቷል። ሥራ ብትጨምሩ፣ ብታገቡ፣ ልጅ ብትወልዱ ያኔውኑ ገብታችሁ አስተካክሉት። አገር ቤት ለቤተሰብ የምትልኩት ገንዘብ አይቀነስም፣ ይሄን ሁሌም እጠየቃለሁ።

ቤተሰብ የሚባለውም አብሮ የሚኖረው ሁሉ አይደለም። ታክስ ላይ አብረዋችሁ የሚቆጠሩት ናቸው። ቤት የሚጋራችሁ የአክስት ልጅ አይቆጠርም፣ ታክስ ላይ ያስገባችኋቸው እናታችሁ ግን ይቆጠራሉ።

ስለ እናትና አባት ካነሳን፦ በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች 65 ስለሞላቸው ብቻ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) አያገኙም። እዚህ ያልሠሩ ከሆነ ቢያንስ 5 ዓመት በግሪን ካርድ መቆየት አለባቸው፣ ያኔም ከፍለው ነው። እስከዚያ ማርኬትፕሌስ ውስጥ መግባት ይችላሉ። ከ2026 ጀምሮ ግን በ5 ዓመቱ መጠበቂያ ምክንያት ሜዲኬድ ያጣ ሰው ገቢው ከድህነት ወለል በታች ከሆነ (ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር) ድጎማ አያገኝም። እማማ ብቻቸውን ሲታዩ ገቢ የላቸውም፣ ስለዚህ ይከለከላሉ። እናንተ በሕጉ መሠረት ታክስ ላይ ካስገባችኋቸው ግን የሚታየው የናንተ ገቢ ነው፣ ነገሩ ይለወጣል። ታክስ ከመሠራቱ በፊት ይሄን ከታክስ ሠሪያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የመኖሪያ ወረቀት

በዲቪ የመጣ አዋቂ ሰው ለሜዲኬድ በአብዛኛው 5 ዓመት ይጠብቃል፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በብዙ ስቴቶች አይጠብቁም። ማርኬትፕሌስ ግን መጠበቅ የለበትም፣ ግሪን ካርዱ ካለው መግባት ይችላል። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) የያዘ ሰውም በ2026 ማርኬትፕሌስ መግባትና ድጎማ መጠየቅ ይችላል። እዚህ ላይ ግን በ2025 የወጣው ሕግ ብዙ ለውጧል፣ ቀኖቹን ያዙ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሬፊዩጂነት የመጡ ስደተኞችና አሳይለም የተፈቀደላቸው ሰዎች ከፌዴራል ሜዲኬድ ይወጣሉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ የማርኬትፕሌስ ድጎማ በአብዛኛው ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ለዜጎች ብቻ ይሆናል። አሳይለማችሁ ተፈቅዶ ዓመት ከሞላችሁና ግሪን ካርድ ለማመልከት ዛሬ ነገ እያላችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ አትዘግዩ።

ቤት ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ካለ፣ ለራሱ ኢንሹራንስ እስካልጠየቀ ድረስ ስለ ወረቀቱ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ለልጁ ብቻ ማመልከት ይችላል። ስጋት ካለ ግን ከመሞላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

መቼ?

ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይከፈታል። እስከ ዲሴምበር 15 ከገባችሁ ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። መዝጊያው እንደ ስቴቱና እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ ዲሴምበር 15ን የመጨረሻ ቀን አድርጋችሁ ያዙት፣ አትጸጸቱም። ሜዲኬድና ቺፕ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። የሥራ ኢንሹራንስ ከተቋረጠባችሁ፣ ካገባችሁ፣ ከወለዳችሁ ወይም ግሪን ካርድ ካገኛችሁ ደግሞ ኖቬምበርን መጠበቅ የለባችሁም፣ 60 ቀን አላችሁ። ስልሳ ቀን ብዙ ይመስላል፣ ግን ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ሲፈልግ ሳያውቀው ያልፋል።

መሥሪያ ቤታችሁ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ። በ2026 ለናንተ ብቻ የሚቆረጠው ከገቢያችሁ 9.96 ከመቶ ካላለፈ የማርኬትፕሌስ ድጎማ አታገኙም። የሚስትና የልጆች ግን ለብቻው ይታያል። ለናንተ ርካሽ ሆኖ ቤተሰቡን ለመጨመር ከዚያ መጠን በላይ ከጠየቁ፣ እነሱ ማርኬትፕሌስ ሄደው ድጎማ ማግኘት ይችላሉ።

ፕላን መምረጥ

ፕሪሚየም በየወሩ የምትከፍሉት ነው፣ ብትታመሙም ባትታመሙም። ዲዳክቲብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣው ነው። ኮፔይ ሐኪም ጋ በሄዳችሁ ቁጥር የምትሰጡት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓመት ከኪሳችሁ ሊወጣ የሚችለው ጣሪያ አለ፤ በ2026 ለአንድ ሰው ከ10,600 ዶላር አይበልጥም። መቶ ሺህ ዶላር ቢል ቢመጣ፣ በኔትወርክ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች) ውስጥ ለተሸፈነ ሕክምና ከዚህ በላይ አትጠየቁም። ቤት የሚያድነው ይሄ ነው።

ብሮንዝ የሚባለው ፕላን ወርሃዊው ትንሽ ነው፣ ዲዳክቲብሉ ግን ከባድ ነው። ሰው በወር ክፍያው ይታለላል። ብቻችሁን ሆናችሁ ገቢያችሁ ከ39,125 ዶላር በታች ከሆነ ሲልቨርን ሳታዩ አትለፉ፣ ዲዳክቲብልና ኮፔይን የሚቀንሰው ተጨማሪ እርዳታ ሲልቨር ላይ ብቻ ነው ያለው። ወዳጄ ብሮንዙን ሊመርጥ ነበር፣ ጎን ለጎን ከፍተን ስናየው ግን የሲልቨሩ ዲዳክቲብል ከብሮንዙ በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ስም ጽፎ ፕላኑ ውስጥ መኖሩን ይፈትሽ። ሕመም አለብህ ብሎ መከልከልም ሆነ ዋጋ መጨመር በሕግ ተከልክሏል። በስልክ ደውሎ በጣም ርካሽ ነገር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ «ኦባማ ኬር ፕላን ነው ወይ?» በሉት። አጭር ጊዜ የሚባሉት ፕላኖች የነበረባችሁን ሕመም አይሸፍኑም።

መዝግቦ መተኛት የለም

አንዲት የማውቃት እህት በዲሴምበር ተመዘገበች፣ ፕላን መረጠች፣ ማረጋገጫውን ስልኳ ላይ ፎቶ አነሳች። በፌብሩዋሪ ሆዷን አሟት ስትሄድ «ኢንሹራንስ የለሽም» አሏት። የመጀመሪያውን ወር አልከፈለችም ነበር፣ መመዝገብ የበቃ መስሏት። የኢንሹራንስ ኩባንያው የላከው ቢል ያልተከፈተ ፖስታ ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ክፍያ ካልተከፈለ ሽፋኑ አይጀምርም፤ በቃ። በተመዘገባችሁበት ቀን እዚያው ክፈሉ፣ ከተቻለ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጉ።

ፖስታ ክፈቱ ስል ከልቤ ነው። ማርኬትፕሌስ የገቢ ወይም የኢሚግሬሽን ማስረጃ ጠይቆ ይጽፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ይሰጣል። ሜዲኬድም በየጊዜው ማደሻ ይልካል። አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቋቸው። ያልተመለሰ ደብዳቤ ኢንሹራንሳችሁን ወይም ድጎማችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ የፌዴራሉ ስልክ 1-800-318-2596 ነው። ሰው ሲያነሳ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» በሉና ጠብቁ፣ አስተርጓሚው በነጻ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ዲዳክቲብል ምን እንደሆነ ልጁም አያውቅም። ፊት ለፊት የሚረዳችሁ ሰው ከፈለጋችሁ «ናቪጌተር» ብላችሁ ጠይቁ። ናቪጌተር በነጻ ይረዳል፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያም ኮሚሽን አይቀበልም። ሞልቶ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ተውት።

ሁሉም በር ቢዘጋባችሁስ? ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉት ክሊኒኮች እንደ ገቢያችሁ ነው የሚያስከፍሉት። ሆስፒታል ገብታችሁ ቢል ከመጣ ከመክፈላችሁ በፊት «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብላችሁ ፎርም ጠይቁ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ይህ አሠራር እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ለሜዲኬድ የምትበቁ ከሆነም ወዲያው አመልክቱ። በብዙ ስቴቶች እስከ 3 ወር ወደኋላ ሄዶ የቆየውን ቢል ይከፍላል፤ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ይሄ ጊዜ ያጥራል።

ካርዱ ሲመጣ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ አትርሱት። ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ኔትወርክ ውስጥ ያለ የቤተሰብ ሐኪም ስጡኝ በሉ፣ የዓመቱን ምርመራ ቀጠሮ ያዙ። የደም ግፊት ምርመራ፣ ክትባት፣ ዕድሜያቸው ለደረሰ ሴቶች የጡት ምርመራ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ ያለ ኮፔይ ነው። ወዳጄ በመጀመሪያው ወር ሄዶ ግፊቱ ከፍ ማለቱን አወቀ። አሁን ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ነው መኪናውን የሚያስነሳው።