ያለቀ ቶነር ቅርጫት ውስጥ ከመግባቱ በፊት

የቢሮ ሰው ቶነር፣ የፕሪንተሩን የዱቄት ቀለም ማለቴ ነው፣ የሚቀይረው ሲቸኩል ነው። ስብሰባ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰነዱ ደብዝዞ ይወጣበታል፣ ዱቄቱ ያለበትን አዲሱን ዕቃ፣ ካርትሪጁን፣ ካርቶኑን ቦጭቆ ያወጣል፣ አሮጌውን ይነቅላል፣ ከዚያ አሮጌውንም ካርቶኑንም አንድ ላይ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይከታል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ያለቀ ካርትሪጅ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይዋል አይዋል በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ሁለት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ብዙውን ምክሬን እሷ ላይ አውለዋለሁ።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ ማለቁን እዩ። ማሽኑ «ቶነር እያለቀ ነው» ሲል ገና እያስጠነቀቀ ነው። ካርትሪጁን አውጡት፣ በሁለት እጅ አግድም ያዙት፣ ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ አወዛውዙትና መልሱት። አንድ ጎን የተከማቸው ዱቄት ይስተካከላል፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት የማይባል ገጽ ያወጣላችኋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት ሳይሞላ አለቀብን ብላችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ። ቁጥሩ የሚሰላው ከገጹ 5 በመቶ ገደማው ላይ ብቻ ቀለም በሚያርፍበት የሙከራ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶና ትልልቅ ሎጎ የሚያትም ቢሮ በጣም ቶሎ ይጨርሳል።

ከምር ካለቀ አዲሱን ካርቶን ሳትቀዱ ክፈቱ። ውስጡ ያለውን ጥቁር ላስቲክና የፕላስቲክ መከላከያውን አትጣሉ፣ ምክንያቱም የአዲሱ ማሸጊያ ለአሮጌው ልክክ የሚል ቤት ነው። አሮጌውን አውጥታችሁ ወዲያው ላስቲኩ ውስጥ፣ ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱት። የሚያብረቀርቀውን ሲሊንደር፣ ድራም የሚባለውን፣ በጣት አትንኩት፤ ብርሃን ላይም አታቆዩት። አሮጌ ቢሆንም ገና ሊያገለግል ይችላል።

አሁን ማርከር አንሱና ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ባዶ» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም ጨምሩ። ይሄ ሁለት ጣጣ ያስቀርላችኋል። አንደኛ፣ ባዶው ከአዲሱ ጋር መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ በችግር ቀን ማሽን ውስጥ አይገባም። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ንጹሕ ኦርጅናል ካርቶንና ባዶ ካርትሪጅ፣ አስመስሎ ለሚሠራ ሰው የተመቸ ዕቃ ነው፤ ያገኘውን ዱቄት ሞልቶ «አዲስ» ብሎ ይሸጠዋል። በማይለቅ ቀለም የተጻፈበትን ካርቶን ግን ማንም በአዲስ ዋጋ አይገዛውም።

ዱቄቱ ቢፈስስ ምን ይደረግ? ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ቶነር በጣም የደቀቀ ፕላስቲክ ነው፣ አንዷ ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ማሽኑ ውስጥ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ጠላታችሁ ነው። በአንድ የሠራሁበት ቢሮ ያጸዱልን የነበሩ እናት ሰው ዝም ብሎ የጣለውን ካርትሪጅ ከነፌስታሉ ሲያነሱ ዱቄቱ ልብሳቸው ላይ ተዘረገፈ። ደንግጠው በሙቅ ውሃ አጠቡት፣ ከዚያ በኋላ አለቀቀም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ ነበር። ልብስ ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ ውጭ አራግፉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ወለል ላይ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ሰብስቡት። ተራ የቤት ቫኪዩም አትጠቀሙ፤ ዱቄቱ ከማጣሪያው አልፎ ተመልሶ አየር ላይ ይበተናል። ማቃጠልማ ጨርሶ አይታሰብም፣ የደቀቀ ፕላስቲክ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ሲያገኝ ቦግ ይላል።

ትልልቅ ፎቶኮፒ ማሽኖች ደግሞ የተረፈ ቶነር የሚጠራቀምበት ዕቃ አላቸው። ውስጡ ያለው ዱቄት የወረቀት ብናኝ የተቀላቀለበት ስለሆነ መልሳችሁ ልትጠቀሙበት አትሞክሩ። ክዳኑን ገጥማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የፈሳሽ ቀለም ካርትሪጅ ጠባዩ ሌላ ነው። ትንሽ ነው፣ ይደርቃል። ቀለም የሚረጭበት አፍ ከደረቀ መልሶ መሙላቱ አስቸጋሪ ይሆናል፣ ስለዚህ ወራት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። እያንዳንዱን ለየብቻ በሚዘጋ ትንሽ ላስቲክ ክተቱ፣ የመዳብ ንክኪዎቹን አትንኩ፣ ከቶነር ጋርም አንድ ካርቶን ውስጥ አታድርጉ። ፈሳሹና ዱቄቱ ከተገናኙ የሚወጣው ጭቃ ነው።

የት ይሂድ? በመጀመሪያ የሸጠላችሁን ጠይቁ፣ የምትጠይቁትም ስትገዙ ይሁን እንጂ ካለቀ በኋላ አይሁን። የግዥ ክፍሉ ውል ላይ «ባዶውን ይረከባል» የምትል አንዲት መስመር ካስገባ ግማሹ ሥራ አለቀ። አምራቾቹም ይሰበስባሉ፤ ካኖን ከ1990፣ ኤችፒ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ባዶ የቶነር ካርትሪጅ ሲቀበሉ ቆይተዋል። አገልግሎቱ ከአገር አገር ስለሚለያይ የአምራቹን ድረ ገጽ ቀድማችሁ እዩ።

ሦስተኛው መንገድ አድሰው የሚሞሉ ድርጅቶች ናቸው። እኔ ከተመቸ የምመርጠው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ፕላስቲክ፣ ጥርሶቹና ሮለሩ ሳይፈጩ ዳግም ይሠራሉ፤ ያረጀው ክፍል ብቻ ይቀየራል። አብዛኞቹ ኦርጅናልና አንዴም ያልተሞላ ካርትሪጅ ይመርጣሉ፣ ስለዚህ ኦርጅናሉን ከተሞላው ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቁ አታስረክቡ፦ «የማትፈልጉትን የት ታደርሱታላችሁ?» መልስ ከሌላቸው የተረፈው ጥጋት ላይ መጣሉ አይቀርም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ካልተገኘ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስብ ስጡ።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ባለቤት ካለው ነው። «ሁላችንም እንጠንቀቅ» ከተባለ ማንም አይጠነቀቅም። አንድ ሰው ይመደብ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ፣ አንድ ደብተር ይኑር፤ የካርትሪጁ ቁጥር፣ የየትኛው ማሽን እንደሆነና የተቀየረበት ቀን ይጻፍበት። ካርቶኑ ሲሞላ በስኮች አሽጉት፣ ለሚረከበው ደውሉ፣ ስንት እንደወሰደ አስፈርማችሁ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ አያይዙት።