የፈረሱን ሆድ ሳትጎዱ ለግልቢያ እንዴት ታዘጋጁታላችሁ?

ጥር 23 ሲቃረብ አዊ ውስጥ ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው። ኮርቻው ይጠገናል፣ ልጓሙ ይወለወላል፣ ፈረሱም ሜዳ ወጥቶ ይፍታታል። ስለ እግሩና ስለ ትንፋሹ ብዙ ይታሰባል። ሆዱን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ለጉግስም፣ ለጋሪም ፈረስ ነገሩ ያው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጨጓራ ነው። የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላ ቀንና ሌሊት አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ነው፤ ምራቁ ደግሞ የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። የጨጓራው ታችኛ ክፍል አሲድ የሚችል ሽፋን አለው፣ የላይኛው ግን የለውም። ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር የሆድ ዕቃው ጨጓራውን ይጫነዋል። በግልቢያ ጊዜ ግፊቱ ይብሳል፣ አሲዱም ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። በእሽቅድምድም ሥልጠና ላይ ያሉ ፈረሶች የጨጓራቸው ውስጥ በካሜራ ሲታይ አብዛኞቹ የጨጓራ ቁስለት የሚገኝባቸው ለዚህ ነው።

1. በባዶ ሆድ አትጋልቡት

«ሆዱ ባዶ ሲሆን ይቀለዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ለግልቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሁለት ሦስት ጭብጥ ድርቆሽ ስጡት። ሲያኝክ ምራቁ ይመጣል። ድርቆሹም ከላይ ይንሳፈፍና አሲዱ እንዳይረጭ ይይዘዋል፤ በእንስራ ውሃ ስትቀዱ እንዳይፈናጠቅ አፉ ላይ ቅጠል ጣል እንደምታደርጉት ማለት ነው። ሆዱ እስኪነፋ ይብላ ማለቴ ግን አይደለም።

እህል ሌላ ጉዳይ ነው። ገብሱን ከሥራው ቢያንስ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መጨረስ አለበት። ከሥራ በኋላም ትንፋሹ እስኪረጋጋ ቆዩ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ፈረስ ሲሮጥ ደሙ ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ከባድ ምግብ የሚፈጭለት ሆድ የለውም።

2. ገብሱን ከፋፍላችሁ ስጡ

«ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ በአንዴ የሚደፋለት ገብስ ነው ብዙ ፈረስ የሚጎዳው። ጨጓራው ለቁመናው ትንሽ ነው። ትንሹ አንጀት ያልፈጨው ስታርች፣ ማለትም የእህሉ ዱቄታማ ክፍል፣ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሣርና ድርቆሽ ማብላላት የለመዱ ናቸው። እህል በብዛት ሲደርሳቸው አሲድና ጋዝ ይበዛል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሲብስም ኮቴው ድረስ የሚደርስ በሽታ ያመጣል።

250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ገብስ ከግማሽ ኪሎ በታች ይሁን። ሥራው ከባድ ከሆነ ጠዋትና ማታ አድርጉት። ድርቆሽ ግን በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ያስፈልገዋል፣ 5 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጭድ ብቻውን አይበቃም። ደረቅ ነው፣ ውሃ ካነሰው አንጀት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከድርቆሽ ጋር ቀላቅሉት።

3. ምግቡንም ሥራውንም ቀስ በቀስ ቀይሩ

አዝመራው ሲገባ ቤቱ ገብስ በገብስ ይሆናል። ፈረሱንም በማግስቱ ማጥገብ ያምራል። አታድርጉት። ባክቴሪያዎቹ አዲሱን ምግብ እስኪለምዱ ከ10 እስከ 14 ቀን ስጧቸው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ።

ልምምዱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እርምጃ ብቻ፣ ከዚያ አጭር ሶምሶማ፣ ግልቢያው በመጨረሻ። ቀላል እንቅስቃሴ አንጀትን ስለሚያሠራ ለሆዱ ደግ ነው። ስለዚህ በዕረፍቱም ቀን ጋጣ ውስጥ ታስሮ አይዋል። ሜዳ ላይ ሲውል የነበረ ፈረስ በድንገት ሲታሰር አንጀቱ ይዘገያል፣ ፋንድያውም ይደርቃል። ከተማ ውስጥ ለግጦሽ የምትለቁት ከሆነ ደግሞ ፌስታል እንዳይበላ አይናችሁን ጣል አድርጉበት።

4. ውሃ አትከልክሉት

«የሞቀው ፈረስ ከጠጣ ሆዱ ይታመማል» ይባላል። በላብ ብዙ ውሃና ጨው ያጣ ፈረስ ግን መጠጣት አለበት። ግማሽ ባልዲ ስጡት፣ ትንሽ አራምዱት፣ ደግማችሁ ስጡት። የሚልሰው አሞሌ ጨው ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው።

5. በየቀኑ ፋንድያውን እዩ፣ ሆዱን አዳምጡ

ጆሯችሁን ሽንጡ ላይ አስጠጉ። የሚያጉረመርም ድምፅ መሰማት አለበት። ጭጭ ካለ ችግር አለ። ፋንድያው እርጥብ ሆኖ መሬት ሲነካ የሚፈርስ ነው መሆን ያለበት። ገብሱን ትቶ ድርቆሽ ብቻ የሚበላ፣ የኮርቻው መቀነቻ ሲጠብቅ የሚነክስ ወይም የሚቆጣ፣ እየከሳ የሚሄድ ፈረስ ጨጓራው ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒት አለ፣ የሚያዘው ግን የእንስሳት ሐኪም ነው።

መሬቱን በእግሩ ከጫረ፣ ሽንጡን ዞሮ ካየ፣ እየተኛ ከተነሳ፣ ካላበው ወይም ከተንከባለለ ሆድ ቁርጠት ይዞታል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ጨጓራው ሲነፋ ሊፈነዳ ይችላል። ምግቡን አንሱለት፣ ሐኪም ጥሩ። ዘይትም ሆነ አረቄ በአፉ አታፍስሱበት፣ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ እስኪመጣ መቼ እንደበላ፣ ምን እንደበላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፋንድያ የጣለው መቼ እንደሆነ አስታውሱ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።