ለአራስ ጥየቃ የምትሆን የጥጥ ጨርቅ

አራስ ልትጠይቁ ነው? ገንፎው አይቀርም፤ ለሕፃኑ ገላ ማጠቢያ የምትሆን ትንሽ ጨርቅም በሹራብ መርፌ ሥሩለት።

ዋናው ነገር ክሩ ነው። ድሬዳዋ ገበያ፣ ቀፊራም ሆነ ታይዋን፣ «ጥጥ ነው» የተባለ ሁሉ ጥጥ አይደለም። ቁራጭ ክር ሳህን ላይ አድርጋችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ናይለን ነገር ያለበት ግን ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። እሱ ውሃ አይመጥም፤ ለሹራብ ይሁን፣ የድሬ ሙቀት ከፈቀደላችሁ!

በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ 40 ዓይን (መርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ጀምሩ። በሁሉም መስመር ክሩን ከኋላ አድርጋችሁ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ ክተቱ፤ በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ጠርዙ አይጠቀለልም፣ ሁለቱም ገጹ አንድ ነው። ጥግ ከጥግ አጥፋችሁ ልክ ሲገጥም አራት ማዕዘን ሆኗል ማለት ነው። የመጨረሻውን መስመር ስትዘጉት አታጥብቁት፣ ይሰበሰባል።

የክሩን ጫፍ በስፌት መርፌ ረዘም አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ስፉት። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ይጠመጠማል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚኮማተር፣ ቀለሙም ሊለቅ ስለሚችል፣ ሳትሰጡት በፊት አንዴ እጠቡት።