ድመቷ ለምን አልዘለለችም? የሬኔሳንስ የመዳብ ኅትመት ሥዕሎችን ስለማንበብ

ብዙ ሰው በሬኔሳንስ (ከ15ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በነበረው የአውሮፓ የጥበብ ዘመን) የተሠራ፣ እንስሳት ያሉበት የኅትመት ሥዕል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው "ጥንቸል የምን ምልክት ነው?" ብሎ ጎግል ማድረግ ነው። ይቅርባችሁ። አንዱ የመራባት ነው ይላችኋል፣ ሌላው የፍርሃት፤ ከዚያ ወዴት ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ እንስሳው የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ እዩ። ትርጉሙ በኋላ ይደረስበታል።

በጀርመናዊው ሠዓሊ በአልብሬክት ዱረር "አዳምና ሔዋን" እንሞክረው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1504 የታተመ ሲሆን ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በስልክ እንደ ነገሩ አይቶ ማለፍ አያዋጣም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጥራት ያለው ፎቶ በድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል፣ እሱን አውርዳችሁ አጉሉት።

ሰዎቹን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ዓይናችሁን ወደ መሬት አውርዱ። ሔዋን እግር ሥር ድመት ተጋድማለች። ከፊቷ፣ ወደ አዳም እግር ጠጋ ብላ፣ አይጥ አለች። ድመቷ አትዘልም፣ አይጧም አትሸሽም። አሁን ቀና በሉ፤ እባቡ ለሔዋን ፍሬውን እያቀበላት ነው። ፍሬው እስኪበላ ድረስ በሁለቱ እንስሳት መካከል ሰላም ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን የአይጧን ዕጣ መገመት አያቅትም። ዱረር የመረጠው ያቺን የመጨረሻዋን ቅጽበት ነው።

ከኋላ በሬ፣ ጥንቸልና ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን አሉ። እዚህ ላይ የዘመኑን ሕክምና ማወቅ ይጠቅማል። የሰው ጠባይ በአራት የሰውነት ፈሳሾች ይወሰናል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሲመጣጠኑ ጤና፣ አንዱ ሲያይል ደግሞ ጠባይ ይበላሻል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ኤርቪን ፓኖፍስኪ አራቱን እንስሳት ያነበባቸው በዚህ መንገድ ነው፦ ድመቷ የቢጫ ሐሞት ቁጣ፣ አጋዘኑ የጥቁር ሐሞት ትካዜ፣ ጥንቸሏ የደም ፍትወት፣ በሬው የአክታ ስንፍና። ውድቀቱ ሲመጣ ሚዛኑም አብሮ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። እኔን ያሳምነኛል፣ ግን ዱረር ራሱ እንዲህ ብሎ የጻፈው ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉ። (ላይ በቀኝ በኩል ገደል ጫፍ ላይ የቆመችውን ሚጢጢ የተራራ ፍየል ካገኛችሁ ጎበዝ ናችሁ።)

"ይህ እንስሳ የዚህ ምልክት ነው" የሚል ዝርዝር ብቻውን እንደማይሠራ ለማየት ደግሞ የዱረርን ሁለት ውሾች ጎን ለጎን አድርጉ። በ1513ቱ "ፈረሰኛው፣ ሞትና ዲያብሎስ" ውሻው ከፈረሱ ጋር እኩል ይሮጣል፤ ታማኝነት ብንለው ያስኬዳል። በ1514ቱ "ሜሌንኮሊያ 1" (ትካዜ ማለት ነው) ግን የከሳ ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ አጠገቡ ክንፍ ያላት ሴት ጉንጯን ደግፋ ተክዛለች፣ ሰማዩ ላይ የሌሊት ወፍ የመሰለ ፍጡር የሥዕሉን ስም ይዞ ይበራል። እዚህ ውሻው የሚያሳየው ታማኝነት ሳይሆን የሥዕሉን ድባብ ነው። እንስሳው ያው ውሻ፣ ሠሪውም ያው ሰው፣ ልዩነቱ የአንድ ዓመት ብቻ።

መስመሮቹንም አትዝለሉ። ሠዓሊው በስለታም ብረት መዳቡን ይፈለፍላል፣ ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀት ላይ ሲጫን ሥዕሉ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። እያንዳንዱ የድመት ጸጉር በእጅ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ጥጉ ላይ ያለ ነገር "ለማሳመሪያ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ መዳብ ላይ ያን ያህል የሚለፋ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው።

ለልምምድ ወደ ፈረሰኛው ተመለሱ። ፈረሱ ሥር እንሽላሊት አለች። ፈረሱም ውሻውም ወደ ግራ ነው የሚሄዱት። እሷስ?