የፓርላማ አባልዎ ለካውንስሎች ሥልጣን ምን ድምፅ ሰጡ? የብሪታኒያን የድምፅ መዝገብ ለማንበብ

እንግሊዝ አገር ለሚኖር ሰው ቆሻሻ የሚያነሣው፣ የካውንስል ታክስ የሚሰበስበው፣ የቤት ወረፋ የሚይዘው፣ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚያቀርበው ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው። ካውንስሉ ግን ሥልጣኑን የሚያገኘው ዌስትሚኒስተር ካለው ፓርላማ ነው፤ የሰጠውን መልሶ መውሰድም የፓርላማው መብት ነው። ስለዚህ የአካባቢዎ ተመራጭ በዚህ ጉዳይ ላይ የሰጡትን ድምፅ ማወቅ ይገባዎታል። እዚህ የምናነሣቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በፖስት ኮድዎ ተመራጭዎን ያግኙና መቼ እንደተመረጡ ይጻፉ። በጁላይ 4 ቀን 2024 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ከታች በምናነሣቸው ስለ ካውንስል ሥልጣን በወጡት የ2011 እና የ2016 ሕጎች ላይ ድምፅ የለውም፤ መዝገቡ ባዶ ቢሆን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ስኮትላንድ ወይም ዌልስ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የካውንስል ሕግ የሚወጣው በኤድንብራና በካርዲፍ ፓርላማዎች ስለሆነ መዝገቡን እዚያ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያስምሩ፦ ቀን፣ የቀረበው ጥያቄ፣ «አዎ» ማለት ምን ማለት እንደነበር፣ ተመራጭዎ የሰጡት ድምፅ፣ የፓርቲያቸው አብላጫ የሰጠው ድምፅ፣ ከሥልጣኑ ጋር ገንዘብ መምጣት አለመምጣቱ። የስም ዝርዝሩ ሀንሳርድ በሚባለው የፓርላማው ቃለ ጉባኤ ውስጥ በየድምፁ ሥር ይገኛል። «ዜይ ወርክ ፎር ዩ» የተባለው የድረ ገጽ አገልግሎት ድምፆቹን በየርዕሱ ሰብስቦ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ደግፈዋል» ዓይነት ማጠቃለያ ይሰጣል። ማጠቃለያው ለመነሻ ይጠቅማል፤ ፍርድ ለመስጠት ግን ከሥሩ የተዘረዘሩትን ድምፆች አንድ በአንድ መክፈት ግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው። የማርች 9 ቀን 2016ን ድምፅ ቀረብ ብለን እንየው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሱቅ እሑድ ቀን መክፈት የሚችለው ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መንግሥት ይህን ሰዓት የማራዘም ሥልጣን ለየአካባቢው አስተዳደር ለመስጠት ረቂቅ አቀረበ። ድምፅ የተሰጠበት ግን ረቂቁ ራሱ ሳይሆን ያ ክፍል ከረቂቁ ይውጣ የሚል ማሻሻያ ነበር። ውጤቱ 317 ለ286 ሆነ፤ 317ቱ «አዎ» ያሉት ናቸው። የ«አዎ» ትርጉም እንግዲህ «ካውንስሎች ይህን ሥልጣን አያግኙ» ነበር። ዝርዝሩን ብቻ አይቶ «አዎ ስላሉ ደግፈዋል» ብሎ የሚጽፍ ሰው መዝገቡን ገልብጦ ነው የሚያነበው።

ይኸው ድምፅ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከተቃወሙት ውስጥ የካውንስል ሥልጣን ጠላት የነበረው ጥቂት ነው። አንዱ የሱቅ ሠራተኛው ከቤተሰቡ ጋር የሚውልበት ቀን ይከበር አለ፤ ሌላው ለሰንበት አሰበ፤ ሌላው ለትንንሽ ሱቆች ተከራከረ፤ የስኮትላንድ ብሔርተኞች በበኩላቸው ስኮትላንዳውያን ሠራተኞች ለእሑድ ሥራ የሚያገኙት ጭማሪ እንዳይቀር ፈሩ። እንዲህ ያለውን ድምፅ በሠንጠረዡ ላይ ምልክት አድርጉበትና ብቻውን ማስረጃ አታድርጉት። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራጩ በዚያ ቀን ክርክር ላይ ተናግረው እንደሆነ ሀንሳርድ ላይ በስማቸው ይፈልጉ።

ባዶ ቦታ ሲያጋጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ምክር ቤት ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ብሎ ሦስቱንም ይቆጥራል። ዌስትሚኒስተር ግን ተአቅቦን አይቆጥርም። ደወል ይደወላል፤ ከስምንት ደቂቃ በኋላ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ደጋፊው በአንዱ መተላለፊያ፣ ተቃዋሚው በሌላው ያልፋል። ስማቸው የሌለ ሰው ታመው፣ አገር ውስጥ ሳይኖሩ ቀርተው ወይም ሆነ ብለው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ አይለይም። ድምፅ ቆጣሪ ሆነው የተመደቡት አራት አባላት ከድምሩ ውጭ ለብቻቸው ይጻፋሉ። አፈ ጉባኤውና ምክትሎቻቸው ደግሞ በልማድ ድምፅ አይሰጡም። ያለ ቆጠራ በቃል ብቻ ያለፈ አንቀጽም አለ፤ እዚያ ላይ ማንም በስሙ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሥልጣን ሰጠ» የተባለ ሕግ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ሊነጥቅ ይችላል። የ2011ዱ የሎካሊዝም ሕግ ካውንስሎች ሕግ ካልከለከላቸው በቀር ማንኛውም ግለሰብ የሚያደርገውን ሁሉ ማድረግ እንዲችሉ ፈቀደ፤ ትልቅ ለውጥ ነው። ይኸው ሕግ የካውንስል ታክስ ከማዕከላዊ መንግሥት ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ከጨመረ ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ ይጠየቅ አለ። ሕጉን በጥቅሉ መደገፍ ሁለቱንም መደገፍ ስለሆነ፣ በጠቅላላው ሕግ ላይ ከተሰጠው ድምፅ ይልቅ በየማሻሻያው ላይ የተሰጠውን አብልጠው ይመኑ። የ2016ቱ የከተሞችና የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ደግሞ ሥልጣን ከለንደን አውርዶ ካውንስሎችን በጋራ ለያዘ አካልና ለተመረጠ ከንቲባ እንዲሰጥ በር ከፈተ፤ ታላቋ ማንቸስተር በሜይ 2017 የመጀመሪያ ከንቲባዋን የመረጠችው በዚሁ መንገድ ነው። ሥልጣኑ ወረደ፣ ያረፈው ግን ከካውንስሉ በላይ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ በሠንጠረዡ ላይ የራሱ መደብ ይገባዋል።

አምስተኛውን ዓምድ ሲሞሉ፣ ዊፕ የሚባሉት የፓርቲ ተጠሪዎች አባሎቻቸውን እንደሚያሰልፉ ያስታውሱ። ሚኒስትር የሆነ ሰው መንግሥትን ተቃውሞ በሥልጣኑ መቆየት አይችልም። ስለዚህ ከፓርቲው ጋር የተሰጠ ድምፅ ስለ ግለሰቡ ብዙ አይነግርም፤ ከፓርቲው የወጣበት አንድ ድምፅ ከአሥሩ ይበልጣል። ከአምስት ያነሰ ድምፅ ይዘው «ደጋፊ» ወይም «ተቃዋሚ» ብለው አይፍረዱ።

የቀረውን ተመራጩን ራሳቸውን በደብዳቤ ይጠይቁ። ዜግነት ባይኖርዎትና በጠቅላላ ምርጫ መምረጥ ባይችሉም፣ በአካባቢው እስከኖሩ ድረስ ተመራጩ የእርስዎም ተወካይ ናቸው። ደብዳቤው ላይ ሙሉ አድራሻዎንና ፖስት ኮድዎን ይጻፉ፤ የሌላ አካባቢ ነዋሪ ከመሰሏቸው መልስ ላይሰጡ ይችላሉ። «ለካውንስል ምን ይላሉ?» ብለው ከጠየቁ የፓርቲው የተዘጋጀ ጽሑፍ ይመጣል። ቀኑን፣ የማሻሻያውን ቁጥርና የሰጡትን ድምፅ ጠቅሰው «ለምን?» ብለው ይጠይቁ።