ስልካችሁን ዌብካም አድርጋችሁት አልሰራ ሲል ደረጃ በደረጃ እንዴት ይስተካከላል

ደሴ ሂዱ ወልዲያ ሂዱ፣ ሰው እጅ ላይ ያለው ላፕቶፕ ብዙው ሰከንድ ሃንድ የመጣ ነው፣ ካሜራው ወይ ሞቷል ወይ ደሞ ጉም ውስጥ እንደቆመ ሰው አድርጎ ነው ሚያሳያችሁ። የስልካችሁ የኋላ ካሜራ ግን ርካሽ ስልክ እንኳን ቢሆን ከሱ በብዙ ይሻላል፣ ስለዚ ድሮይድካም ወይ አይሪየን ሚባለውን አፕ ጭናችሁ ስልኩን ዌብካም (የኮምፒውተር ካሜራ) ማድረጋችሁ አሪፍ ነገር ነው። ችግሩ ኢንተርቪው ወይም የመመረቂያ ፅሁፍ ዲፌንስ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ቁጭ ይላል፣ ያኔ ሁሉም ሰው ተደናግጦ ሚያደርገው አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። አታድርጉት፣ ዳታና ሰዓት ነው ምትጨርሱት፣ ፐርሚሽኑንም ከዜሮ ትጀምሩታላችሁ።

ምስሉ ከስልኩ ተነስቶ ዙም ላይ እስኪደርስ አራት ቦታ ያልፋል፦ ስልኩ ላይ ያለው አፕ፣ ገመዱ ወይም ዋይፋዩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጫናችሁት ፕሮግራም፣ በመጨረሻ ዙሙ ወይ ጎግል ሚቱ ወይ ቴሌግራሙ። የቱ ጋ እንደቆመ ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው። ከስልኩ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፣ ከመሀል አትጀምሩ።

1. መጀመሪያ ስልኩን እዩ

የስልኩን የራሱን ካሜራ ክፈቱ። ይሰራል? በሉ ዝጉት። መዝጋቱ ራሱ አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራውን ባንድ ጊዜ ሚይዘው አንድ አፕ ነው፣ የጀመራችሁት ቪዲዮ ኮል ከጀርባ ክፍት ሆኖ ከቀረ የዌብካሙ አፕ ጥቁር ነው ሚያሳያችሁ። ከዛ ሴቲንግ ገብታችሁ አፕስ ውስጥ የዌብካሙን አፕ ፈልጉና ፐርሚሽኑ ላይ ካሜራና ማይክሮፎን መፈቀዱን ቼክ አርጉ፣ ስትጭኑት ተቻኩላችሁ ዲናይ ብላችሁት ከሆነ ድጋሚ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ምስሉ ለትንሽ ጊዜ ሰርቶ ስክሪኑ ሲጠፋ አብሮ ሚጠፋ ከሆነ ደሞ የባትሪ ቁጠባው ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል፣ ሻውሚ ምናምን ላይ ይሄ ነገር በጣም ይበዛል፣ ከጀርባ ያለን አፕ ቶሎ ነው ሚዘጉት። ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ለዛ አፕ ብቻ ገደቡን አንሱለት፣ ካልሆነም ስብሰባው እስኪያልቅ ስክሪኑ እንዳይጠፋ አርጉት።

2. ገመዱ

እኔ በማየው ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሴቲንግ ሲጎረጉር ቆይቶ ችግሩ ገመዱ ላይ ነው ሚገኘው። ተራ ዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፣ ሁለቱ ለኤሌክትሪክ ሁለቱ ለዳታ። መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ርካሽ ገመድ ውስጥ ብዙው የዳታዎቹ ሽቦዎች የሉትም፣ ቻርጅ ያደርጋል በቃ። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ስለሆነ ሰው ገመዱን አይጠረጥረውም፣ ሸዋጁ ነገር እሱ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ስልኩን ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ የስልኩን ኖቲፊኬሽን ወደታች ሳቡ፣ ዩኤስቢ ሚል ነገር መጥቶ ፋይል ትራንስፈር ምረጡ ካላችሁ ምረጡት፣ ከዛ ኮምፒውተሩ ላይ የስልኩ ሚሞሪ ተከፍቶ ፎቶዎቻችሁ ከታዩ ገመዱ ዳታ ያሳልፋል ማለት ነው። ቻርጅ ብቻ ካለና ሌላ ምንም ምርጫ ካልመጣ ገመድ ቀይሩ፣ ከስልኩ ጋር ካርቶኑ ውስጥ የመጣው ኦሪጅናሉ ካለ እሱን ፈልጉት። ገመዱ ጥሩ ሆኖ እምቢ ካለ የላፕቶፑን ሌላ ፖርት ሞክሩ፣ ማከፋፈያ ሀብ ካለ አውጡትና በቀጥታ ሰኩ። የስልኩ መሰኪያ ቀዳዳ ውስጥ ኪስ ውስጥ የተጠራቀመ ብናኝ ካለም ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ በመርፌ ግን አይሆንም።

ድሮይድካምን በገመድ ምትጠቀሙ ከሆነ አንድሮይዱ ላይ ዩኤስቢ ዲበጊንግ (ኮምፒውተሩ በገመድ ስልኩን እንዲያዘው ሚፈቅደው ማብሪያ) መበራት አለበት። ሴቲንግ፣ አባውት ፎን ውስጥ ቢልድ ነምበር ሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩት ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል፣ እዛ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩት። ከዛ ስትሰኩት ስልኩ ላይ ይሄን ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ብዙ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ላፕቶፑን እያየ ስለሆነ ይቺ ጥያቄ ሳትመለስ ትቀርና አልገናኝ አለኝ ይላል። ስልኩን ከፍታችሁ እዩ። ስብሰባው ሲያልቅ ዲበጊንጉን መልሳችሁ አጥፉት፣ ክፍት ትታችሁት የሰው ኮምፒውተር ላይ ቻርጅ ማድረግ ጥሩ አደለም።

አንድሮይድ 14 ወይም ከዛ በላይ የሆኑ አንዳንድ ስልኮች ላይ ደሞ ስትሰኩት ከዩኤስቢ ምርጫዎቹ መሀል ዌብካም ሚል ራሱ ይመጣል፣ ካለላችሁ በቃ ምንም አፕ አያስፈልጋችሁም። ማክ ያላችሁ ሰዎችም ማክኦኤስ ቬንቹራ ወይም ከዛ በላይ ከሆነና አይፎናችሁ ኤክስአር ወይም ከዛ በኋላ የወጣ ሆኖ አይኦኤስ 16 ወይም ከዛ በላይ ከጫነ ካሜራው ራሱ ይመጣላችኋል፣ ሁለቱም በአንድ አፕል አካውንት መግባታቸውን ብቻ እዩ።

3. በዋይፋይ ከሆነ

እኔ ገመዱን ነው ምመክረው፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ገመዱ ግን ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ይሰራል። በዋይፋይ ካላችሁ ግን ስልኩም ላፕቶፑም አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ድሮይድካም ስልኩ ላይ አይፒ አድሬስ (ስልኩ ኔትወርኩ ላይ ያለው የቁጥር አድራሻ) እና ፖርት ሚባል ቁጥር ያሳያችኋል፣ ፖርቱ ካልቀየራችሁት 4747 ነው፣ እሱን ኮምፒውተሩ ላይ ትፅፋላችሁ። ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን ለማወቅ የሁለቱንም አይፒ እዩ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቁጥሮች አንድ መሆን አለባቸው፣ አንዱ 192.168.1.5 ሌላው 192.168.43.20 ከሆነ አይገናኙም። ትላንት የሰራው አይፒ ዛሬ ሊቀየር ይችላል፣ በየጊዜው ከስልኩ ላይ አንብቡት።

ቪፒኤን! ስልኩም ላፕቶፑም ላይ አጥፉት። ከስንት ነገር በኋላ ነው ሰው ቪፒኤን ክፍት እንደነበረ ሚያስታውሰው።

የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ተጠቃሚ ሌላውን እንዳያይ ተደርጎ ስለሚዘጋ የናንተው ስልክና የናንተው ላፕቶፕ ራሱ አይተያዩም። እዛ ጋ ሴቲንግ አትነካኩ፣ የስልኩን ሆትስፖት አብሩና ላፕቶፑን እሱ ላይ አስገቡት። ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ሚሄደው ምስል ከፓኬጃችሁ ላይ ምንም አይቆርጥም፣ እዛው በዛው ነው። ሚቆርጠው ዙሙ ነው፣ ደሞ ዊንዶውስ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ አፕዴት ማውረድ ከጀመረ ፓኬጁን ይጨርስባችኋል፣ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው ውስን ነው ቆጥብ ማለት ነው) ሚለውን አብሩበት።

4. ኮምፒውተሩ ላይ

የድሮይድካሙ ወይ የአይሪየኑ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፍት ነው? እሱ ካልተከፈተ ዙም ምንም አያገኝም። ፕሮግራሙ መስኮት ላይ ራሳችሁን ካያችሁ እስካሁን ያለው ሁሉ ሰላም ነው፣ ችግሩ ከዛ ወዲያ ነው። ካላያችሁና አይሪየን ስልኩን እየፈለግኩ ነው ብሎ ከቀረ ፋየርዎሉ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን የኔትወርክ ግንኙነት ሚፈቅድበትና ሚከለክልበት) ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ስትከፍቱት ዊንዶውስ ልፍቀድለት ወይ ሲላችሁ ካንስል ብላችሁት ይሆናል፣ ፋየርዎል ውስጥ ገብታችሁ ፍቀዱለት።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ካሜራ። እዛ ውስጥ ከታች ዴስክቶፕ አፕስ ካሜራ ይጠቀሙ ሚል ማብሪያ አለ፣ እሱ ከጠፋ ዙምም ክሮምም አያዩም።

5. ዙም፣ ሚት፣ ቴሌግራም

ብዙ ጊዜ ዙሙ የሞተውን የላፕቶፕ ካሜራ ይዞ ነው ሚጠብቃችሁ። ከቪዲዮ ምልክቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩና ከዝርዝሩ ድሮይድካም ወይም አይሪየን ሚለውን ምረጡ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ዙምን ሙሉ በሙሉ ዝጉና እንደገና ክፈቱት፣ ካሜራው የመጣው ዙም ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ላያየው ይችላል፣ ክሮምም እንደዛው። ሚት ላይ ደሞ አድሬሱ አጠገብ ባለችው ምልክት ገብታችሁ ካሜራ አላው በሉት። ስብሰባ ሳትገቡ የዙም ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ ሚለው ጋ መሞከር ይቻላል፣ ባለጉዳዩ ፊት ከመሞከር ይሻላል መቼም።

ማይኩ ለብቻው ነው ሚመረጠው። ምስሉ መጥቶ ድምፅ ከሌለ ማይክ ውስጥ የላፕቶፑን ምረጡ፣ ላፕቶፑ ማይክ ከሌለው ብቻ የስልኩን።

ምስሉ መጥቶ ጥራቱ ካስጠላችሁ

ሚቆራረጥ፣ ሚጎተት ምስል ሁሌ የኔትወርክ ችግር አደለም። ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው እያንዳንዱን ምስል ረዘም አድርጎ ስለሚያነሳ እንቅስቃሴው ይንቀረፈፋል፣ ደሴ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ይጨልም የለ፣ ያኔ ሰው ኔትወርኩን ይረግማል እንጂ መብራት አያበራም። ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ፣ መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ጥቁር ጥላ ነው ምትሆኑት። ምስሉ ላይ አግድም መስመር እየወረደ ከሆነ ደሞ አምፖሉ ነው፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አፑ ውስጥ አንቲ ፍሊከር ሚል ካለ 60ውን ወደ 50 ቀይሩት።

ፅሁፍ ሲገለበጥባችሁ አብሽሩ፣ ዙም ለራሳችሁ ነው እንደ መስታወት ሚያሳየው፣ ሌላው ሰው ደብተራችሁን ቀጥ አድርጎ ያነበዋል።

ሙቀትም አለ፣ በተለይ ኮምቦልቻና ከሚሴ ያላችሁ። ካሜራ፣ ሆትስፖትና ቻርጅ ባንድ ላይ ስልኩን ያግለዋል፣ ሲግል ደሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይ ካሜራውን ይዘጋዋል። ከቨሩን አውልቁ፣ ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ኢንተርኔቱም ከዛው ስልክ ከሆነ በሆትስፖት ፈንታ በዛችው ገመድ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (ኢንተርኔቱን በገመድ ማካፈል) ስጡት። ኢንተርኔቱ ከሌላ ቦታ ከሆነና ካሜራው በገመድ ከሆነ ግን ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አርጉት፣ ዲፌንስ መሀል ላይ ዘመድ ደውሎ ካሜራውን አያቋርጥባችሁም። መብራት ከጠፋ ደሞ ስልኩ ከላፕቶፑ ባትሪ ላይ እየጠጣ እንደሆነ አትርሱ፣ ስልኩን አስቀድማችሁ ሙሉ አርጉት።

ሰዓቱ ደርሶ ምንም ካልሆነ የስብሰባውን ሊንክ በስልኩ በራሱ ክፈቱና ለቪዲዮና ለድምፅ ስልኩን፣ ስላይድ ለማሳየት ብቻ ላፕቶፑን ተጠቀሙ። ላፕቶፑ ላይ ስትገቡ ግን ኦዲዮውን ጨርሶ አታገናኙት፣ ሁለቱ ባንድ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከያዙ ሚያስተጋባው ጩኸት ማንንም አያሰማም።