ከኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ማውንት ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰማይ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ለደቂቃዎች ከፍቶ ስለሚያቆይ፣ ቴሌስኮፑን የተሸከመው ማውንት በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ያህል የሚጓዘውን ሰማይ ያለ መዛነፍ መከተል አለበት። ለዚህም የማውንቱ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ የሚዞርበት ወደሚመስለው ነጥብ፣ ማነጣጠር ይኖርበታል፤ የቀረውን ጥቃቅን ስህተት ደግሞ ጋይድ ካሜራ አንድ ኮከብ እየተከታተለ ያርማል፤ ይህም ኦቶጋይዲንግ ይባላል። በአገራችን ሥራውን የሚጀምሩ ሰዎች የሚያነቧቸው መመሪያዎች በአብዛኛው ሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ በሚታይባቸው አገሮች የተጻፉ ናቸው፤ ብዙው ስህተት የሚመጣውም መመሪያውን እንዳለ ከመቅዳት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ሰሜን ኮከብን የሙጥኝ ማለት ነው። የዚህ ኮከብ ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር ስለሚቀራረብ ለንደን ላይ 51 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ቡጢዎን አድማሱ ላይ ቢያስቀምጡ ኮከቡ ይሸፈናል። በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርደዋል። ቢታይም ከእውነተኛው ዋልታ 38 አርክ ደቂቃ (አንድ አርክ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) ያህል የራቀ ነው፤ በዚያ ላይ ለአድማስ የቀረበ ብርሃን በከባቢ አየር ውስጥ ስለሚታጠፍ ኮከቡ ከቦታው ከ4 አርክ ደቂቃ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

መፍትሔው የኮከብን መንሸራተት መለካት ነው። በመጀመሪያ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ባለው የሰማይ መስመር) አቅራቢያ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናታችን በሚያልፈው መስመር ላይ ያለ ኮከብ ይምረጡና የዴክሊኔሽን (የሰሜን-ደቡብ) እርማቱን አጥፍተው ይከታተሉት። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አልፏል፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ይያዙ፤ ይህኛው ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ፒኤችዲ2 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን መንሸራተት በግራፍ ያሳያል። ቴሌስኮፑን ሦስት ቦታ ላይ አዙሮ ፎቶ በማንሳት የዘንጉን ስህተት የሚያሰላው ዘዴም ሰሜን ኮከብን ሳያይ ይሠራል፤ ፈጣንም ስለሆነ ኮምፒውተር ላለው ሰው እኔ የምመርጠው እርሱን ነው።

ማውንት ሲገዙ ዝቅተኛውን ኬክሮስ አለመጠየቅም ዋጋ ያስከፍላል። አንዳንዱ ማውንት እስከ 9 ዲግሪ አይወርድም፤ የሚወርደውም ቢሆን ዘንጉ ለጥ ብሎ ስለሚተኛ የሚዛን ክብደቱ ሲዞር ከትራይፖዱ (ከባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ) እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። በማውንቱና በትራይፖዱ መካከል የሚገባ ማራዘሚያ ምሰሶ ይህን ያስቀራል።

«ዋልታው ቢዛነፍም ኦቶጋይዲንጉ ያርመዋል» የሚለው አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ስለሆነ ያታልላል። ስህተቱ 5 አርክ ደቂቃ ቢሆን ኮከቡ በደቂቃ ቢበዛ 1.3 አርክ ሰከንድ ይንሸራተታል፤ ይህን ጋይድ ካሜራው ያለ ችግር ያርማል። ትልቅ ሲሆን ግን የማይታረም ነገር ይመጣል። አንድ የጥር ሌሊት በቤቴ ሰገነት ላይ ሰሜንን በኮምፓስ ብቻ አግኝቼ፣ የፈረስ ራስ ኔቡላን በ10 በ10 ደቂቃ አነሳሁ። የኦቶጋይዲንጉ ግራፍ ሌሊቱን ሙሉ ያማረ ነበር። ጠዋት ምስሉን ሳሰፋው መሃል ያሉት ኮከቦች ክብ፣ ጥግ ላይ ያሉት ግን በመሃሉ ዙሪያ የተሳቡ ጭረቶች ሆኑ፤ በኋላ ስለካ ዘንጉ ከ2 ዲግሪ በላይ ተዛንፎ ተገኘ። ጋይድ ካሜራው አንዱን ኮከብ ይዞ ያቆማል እንጂ ምስሉ በዚያ ኮከብ ዙሪያ መዞሩን ማስቆም አይችልም። ኮምፓስ በኮንክሪት ውስጥ ባለው ብረት ስለሚሳሳት ለመነሻ እንጂ ለመጨረሻ አይሆንም።

ኮከቦቹ ሁሉ፣ መሃል ያሉትም ጥግ ያሉትም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ከተጎተቱ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ጋይድ ካሜራው የተጫነበት ትንሽ ቴሌስኮፕ ከዋናው ጋር በደንብ ስላልታሰረ ሁለቱ ለየብቻ እየዘመሙ ነው። የማሰሪያውን ብሎኖች ያጥብቁ።

በየሰከንዱ እርማት መላክም ልምድ የሌለውን ሰው የሚያጠምድ ስህተት ነው። አየሩ ሲንቀጠቀጥ ኮከቡ ያለቦታው የሚዘል ይመስላል፤ ጋይድ ካሜራው ፎቶ የሚያነሳው በግማሽ ሰከንድ ከሆነ ማውንቱ ይህን የአየር ጨዋታ እያሳደደ ራሱ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል። ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ያለው ጊዜ የአየሩን ዝላይ ያለዝበዋል። ካሊብሬሽኑንም (ፕሮግራሙ ማውንቱ ለእርማት ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካበትን ሙከራ) ኢላማዎ ባለበት ሳይሆን በሰማይ ወገብ አቅራቢያ ያድርጉ፤ በእኛ ኬክሮስ ይህ ቦታ ከአናታችን 9 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ነው። ለዋልታው በቀረበ ኮከብ የተደረገ ካሊብሬሽን አስተማማኝ አይደለም።

ሚዛንን በተመለከተ ፍጹም እኩል ማድረግ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። የማውንቱ የማርሽ ጥርሶች በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ስላላቸው፣ እኩል የተመዘነ ቴሌስኮፕ በዚያ ክፍተት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ የምሥራቁ በኩል በጥቂቱ ከከበደ ግን ጥርሶቹ ሁልጊዜ ተገፍተው ይነካካሉ። ገመዶቹንም ተንጠልጥለው እንዳይተዉ፤ ቴሌስኮፑ ሲዞር የሚወጠር አንድ ገመድ ጥንቃቄ የተደረገበትን ሚዛን በሌሊቱ አጋማሽ ያበላሸዋልና፣ ከማውንቱ መሃል አካባቢ አንድ ላይ አስረው፣ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቴሌስኮፑን በእጅዎ ከዳር እስከ ዳር አዙረው የሚይዝ ነገር አለመኖሩን ይመልከቱ።